የባጀር ጸጉር ብሩሽ ለደብረ ብርሃን ብርድ ይሆናል? (የመጀመሪያዬን ቀቅዬ ገድዬዋለሁ)

ውርጭ_ለመደ (ደብረ ብርሃን)
ታኅሣሥ 9፣ ምሽት 2:10

ሰላም ለዚህ ቤት። ነገሩን ከነውርደቱ ልንገራችሁ።

ከአራት ወር በፊት ውጭ አገር ያለው ወንድሜ በሰው እጅ የጺም ብሩሽ ላከልኝ። የእውነት የባጀር (የውጭ አገር አውሬ ነው) ጸጉር ነው። እጀታው ጥቁር፣ ጸጉሩ መሃሉ ላይ ጥቁር ቀለበት ያለው፣ ጫፉ ደግሞ ወተት የመሰለ። ደረቁን ጉንጬ ላይ ሳደርገው የድመት ሆድ ነው የሚመስለው። እስከዚያ ቀን ሳሙናውን በእጄ አሽቼ ነበር የምላጨው። በብሩሽ የመጀመሪያ ቀን ምላጩ እንደ ቅቤ ተንሸራተተልኝ። ከዚያ በኋላ ማን ይቻለኝ!

ታኅሣሥን ደብረ ብርሃን ያሳለፈ ሰው ይፈርድልኛል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ደጅ ያደረው ባልዲ ስስ በረዶ ይጋግራል። እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ ከማንቆርቆሪያው የፈላውን ውሃ ጣሳ ውስጥ ገለብጥና ብሩሹን ከነአንገቱ እነክረዋለሁ። አምስት ደቂቃ ሙሉ። ይሞቃላ!

ሦስት ሳምንት አልሞላውም፣ ጸጉሩ ተንጨባረረ። ጫፉ እሳት እንደነካው ክር ተጠማዘዘ። አሁን በተላጨሁ ቁጥር ከአረፋው ውስጥ አሥር አሥራ አምስት ጸጉር እለቅማለሁ። ትናንት አገጬ ላይ የተጣበቀውን እማዬ አይታ «ልጄ፣ ጺምህ ራሱ እየወለቀ ነው እንዴ?» አለችኝ።

ጥያቄዬ፦ ይሄ ብሩሽ ይድናል? ካልዳነ ደግሞ ሌላ ባጀር ላስልክ ወይስ ለዚህ ብርድ ሌላ ዓይነት ይሻላል? ዋጋውን አትጠይቁኝ። ወንድሜ አልነገረኝም፤ እንዳላለቅስ ይሆናል።

---

የጫጫው
ታኅሣሥ 9፣ ምሽት 2:31

አቦ አታካብዱ። አባቴ 40 ዓመት በልብስ ሳሙናና በእጁ ተላጭቷል። ፊቱ ላይ አንድ ብጉር አላየሁም።

---

ውርጭ_ለመደ
ታኅሣሥ 9፣ ምሽት 2:40

አባትህን ዕድሜ ይስጣቸው። የእኔ ቆዳ ግን የልብስ ሳሙና ከነካው እስከ ማታ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ነው የሚውለው።

---

ሮቢት_ጸጉር_ቤት (ሸዋ ሮቢት)
ታኅሣሥ 9፣ ምሽት 3:25

ወንድሜ፣ ብሩሽህ ሞቷል። ነፍስ ይማር።

በዚህ ሥራ 14 ዓመቴ ነው። ከቶንዶስ ይልቅ ምላጭ የሚወዱ ደንበኞች ስላሉኝ ብሩሽ በየዓይነቱ አልፎብኛል። ያንተ ላይ የሆነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጸጉሩ ተቀቅሏል። የእንስሳ ጸጉር ያው እንደኛ ጸጉር ነው፤ ከፈላ ውሃ ገብቶ የተጠማዘዘ ተመልሶ አይቃናም። ሁለተኛ፣ እጀታው ውስጥ ጸጉሩን የያዘው ማስቲሽ ለቋል። የሚረግፈው ለዚህ ነው። አዲስ ባጀር በመጀመሪያው ሳምንት ጥቂት ጸጉር ቢጥል ችግር የለውም፣ ሲቋጠር በደንብ ያልተያዘው ነው የሚወጣው። ወር አልፎት አሥራ አምስት ከጣለ ግን በቃ።

ለወደፊቱ፦ ውሃው ለብ ያለ ይሁን። ሕፃን የምታጥብበት ዓይነት። ክርንህን ብትነክር የማትሸሽበት። ጸጉሩን ብቻ ንከር፣ ማስቲሹ ያለበትን አንገቱን ከውሃው በላይ አድርገው። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃል። አንተ ፊትህን እስክትታጠብ እሱ ይጠጣል።

ሌላ ባጀር ላስልክ ወይ ላልከው፣ መጀመሪያ ደረጃውን እወቅ። ሻጮች አራት ስም ይጠሩልሃል፦ ፒዩር፣ ቤስት፣ ሱፐር፣ ሲልቨርቲፕ። ስሙ እንዳይሸውድህ። «ፒዩር» ማለት ንጹሕ ነው ብለህ ትመካለህ፣ እሱ ግን የመጨረሻው ተራ ነው። ጠቆር ይላል፣ ጠንከር ይላል፣ ይወጋል። «ቤስት»ም ምርጥ ማለት አይደለም፣ ከእሱ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ነው። ሲልቨርቲፑ ያንተ ዓይነት ነጭ ጫፍ ያለው፣ ለስላሳው፣ ውዱ። ደግሞ ደረጃውን የሚቆጣጠር አካል የለም። የአንዱ ፋብሪካ ሱፐር የሌላው ቤስት ሊሆን ይችላል። ጫፉን በኬሚካል አንጥተው ሲልቨርቲፕ ነው የሚሉም አሉ።

እኔ ብሆን መጀመሪያ የማየው ስሙን ሳይሆን ልኩን ነው። ጸጉሩ ከእጀታው በሚወጣበት ቦታ ላይ ያለው ውፍረት 22 ወይም 24 ሚሊ ሜትር ከሆነ ለአብዛኛው ሰው ፊት ልክ ነው። ከ26 በላይ ከሆነ አፍንጫህ ሥር ለመግባት ትታገላለህ፣ ሳሙናም ይበላል።

---

ጊቢ_ውስጥ (ደብረ ብርሃን)
ታኅሣሥ 9፣ ምሽት 3:52

ይቅርታ ግን አንድ ነገር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው እንጂ 100 አይደርስም። ስለዚህ «የፈላ ውሃ» ስትሉ የእኛ ከሮቢት የቀዘቀዘ ነው 😄

---

ሮቢት_ጸጉር_ቤት
ታኅሣሥ 9፣ ምሽት 4:01

ተማሪው፣ ለበዓል ዶሮ ስትነጩ ውሃውን ከሮቢት ታስመጣላችሁ? በዚያው በ90 ዲግሪያችሁ ላባው ይለቅ የለ?

---

ጊቢ_ውስጥ
ታኅሣሥ 9፣ ምሽት 4:03

ተሸንፌያለሁ።

---

ጡረተኛው_መምህር (አንኮበር)
ታኅሣሥ 10፣ ጠዋት 3:15

እንደምን አደራችሁ ልጆች። ይህን ጨዋታ በማየቴ ደስ ብሎኛል። እኔ ባጀር ብሩሽ ከያዝኩ 22 ዓመቴ ነው፤ ያው አንዱ ብሩሽ ነው። ጠጉሩ በጥቂቱ አጥሯል፣ እኔም እንደዚሁ።

ስለ እንስሳው ማንም አላነሳም። ባጀር እኛ አገር የለም። እግረ አጭር፣ ፊቱ ላይ ነጭና ጥቁር ሰንበር ያለው፣ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር የሌሊት እንስሳ ነው፤ አውሮፓና እስያ ውስጥ ይገኛል። ቀፎ እየሰበረ ማር የሚበላው የእኛው አውሬ ዘመዱ ቢሆንም ብሩሹ ከእሱ አይሠራም። በፈረንሳይኛ የጺም ብሩሽ ስሙ ራሱ «ብሌሮ» ነው፤ ባጀር ማለት። በዓይነቱ የታወቀ ከመሆኑ የተነሣ እንስሳውና ዕቃው አንድ ስም ወሰዱ።

ኦሪት ዘጸአትን የምታነቡ «የአቆስጣ ቁርበት» የሚለውን ታስታውሳላችሁ፤ ለድንኳኑ መደረቢያ የታዘዘው። የቆየው የእንግሊዝኛ ትርጉም ያንን ቃል ባጀር ብሎታል። ሊቃውንቱ ግን የዕብራይስጡ ቃል የትኛውን እንስሳ እንደሚያመለክት እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ስለዚህ «በኦሪትም አለ» ብላችሁ ብሩሽ እንዳትሸጡበት።

ዛሬ ጠጉሩ በአብዛኛው የሚመጣው ከቻይና ነው። እንግሊዞች በስሙ የታወቁ ብሩሽ ሠሪዎች ቢኖሯቸውም በአገራቸው ባጀር እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣ ራሱን በቻለ ሕግ የተጠበቀ ነው። ገድሎ መሸጥ አይቻልም።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ፣ ልጄ። ለብርድ አገር ከባጀር የሚሻል የለም። ውሃ ይይዛል፣ ውሃው ደግሞ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። አንኮበር ጉም በመስኮት ሲገባ፣ ፊቴ ላይ ያለው አረፋ እስከ ሁለተኛው ዙር ለብ እንዳለ ነው። ጥፋቱ የአንተ እንጂ የባጀሩ አይደለም።

---

ውርጭ_ለመደ
ታኅሣሥ 10፣ ጠዋት 3:40

ጋሼ፣ ጥፋቴን አምኛለሁ። 22 ዓመት በአንድ ብሩሽ! እንዴት ነው የሚያደርቁት ግን? የእኔ እዚህ ብርድ ውስጥ እስከ ማግስቱ እርጥብ ነበር። አንድ ሌሊት መስኮት ላይ ትቼው ጠዋት ደርቆ ሳይሆን ጠጥሮ አገኘሁት። ጫፉን ስነካው ቀጭ ቀጭ አለ።

---

ጡረተኛው_መምህር
ታኅሣሥ 10፣ ጠዋት 4:20

በንጹሕ ውሃ ሳሙናው ፈጽሞ እስኪለቅ አጥበዋለሁ። ዋናው እዚህ ነው። ሥሩ ውስጥ የቀረ ሳሙና ጠጉሩን ያደርቃል፣ ይሰብራል። ከዚያ በእጄ ቀስ ብዬ እጨምቀዋለሁ፤ አልጠመዝዘውም፣ አልጎትተውም። ሁለት ሦስት ጊዜ አራግፌ ደረቅ ፎጣ ላይ ወዲያ ወዲህ አደርገዋለሁ። ከዚያ ነፋስ በሚያገኝበት መደርደሪያ ላይ አቆመዋለሁ። ዘቅዝቆ መስቀል ግድ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አቁሜው 22 ዓመት ኖሯል።

እሳት ዳር አታስጠጋው። ማሰሪያ ባለው ኮሮጆ ወይም ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ እርጥቡን አትክተተው፤ ይሻግታል።

---

ጉም_በር (ደብረ ሲና)
ታኅሣሥ 10፣ ቀን 7:05

እኔ ጋ ተሻግቷል። ነሐሴ ላይ። ጣርማ በር ሥር የምንኖር ሰዎች ክረምቱን ፀሐይ በስም ነው የምናውቃት። ብሩሹ ከሥሩ አረንጓዴ ነገር አወጣ፣ እርጥብ ውሻ ውሻ ሸተተ። ያኔ አንድ ሰው ለአንድ እጅ አቼቶ አሥር እጅ ለብ ያለ ውሃ አድርገህ ጥቂት ደቂቃ ንከረው አለኝ። ሽታው ሄደ፣ የደረቀ የሳሙና ዝቃጭም ለቀቀ። በኋላ በሻምፖ አጠብኩት።

አዲስ ባጀርም መጀመሪያ ይሸታል፣ እንዳትደነግጡ። የአውሬ ሽታ ነው። ሁለት ሦስት ቀን በሻምፖ ማጠብ ነው መድኃኒቱ።

ከዚያ በኋላ ግን ሲንተቲክ (ሰው ሠራሽ ጸጉር ያለው) ገዛሁ፣ እግዜር ይስጠው። ጠዋት ተላጭቼ ማታ ስገባ ደርቆ ይጠብቀኛል። ነሐሴም ቢሆን። ጋሼ ይቅር ይበሉኝ።

---

የቤት_እመቤት_ነኝ (ደነባ)
ታኅሣሥ 10፣ ማታ 1:30

እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ለባለቤቴ ለገና ብሩሽ ልገዛለት ፈልጌ አዲስ አበባ አንድ ሱቅ ገባሁ። ልጁ «ናቹራል ነው እትዬ፣ ምርጥ ነው» አለኝ። የምን ጸጉር ነው ብዬ ስጨቀጭቀው «የአሳማ» አለ። ደንግጬ አስቀመጥኩት። ባለቤቴ ቢሰማ ፊቱን በአመድ ነው የሚያጥበው። እንዴት ነው ሰው የሚለየው?

---

ሮቢት_ጸጉር_ቤት
ታኅሣሥ 10፣ ማታ 2:15

እትዬ፣ ጥሩ ነገር አነሱ። ርካሹ የተፈጥሮ ጸጉር ብሩሽ ብዙውን ጊዜ የአሳማ ነው። ጣሊያኖቹ በሱ የታወቁ ናቸው። ሥራውን በተመለከተ ካወራን መጥፎ አይደለም። ጠንካራ ነው፣ ደረቅ ሳሙና ይፈቀፍቃል፣ ሲቆይ ጫፉ እየተሰነጠቀ ይለሰልሳል። ግን እኔ ሱቅ አላስገባውም። ደንበኞቼ ግማሹ ሙስሊም ግማሹ ክርስቲያን ነው፣ ሁለቱም አይፈልገውም። አንድ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ «ይሄ የምንድነው?» ቢለኝ ዓይኑን እያየሁ መዋሸት አልችልም።

በዓይን ሲያዩት የአሳማው ወፍራምና ክሬም መልክ ነው። አንዳንዱን ባጀር እንዲመስል ጥቁር ሰንበር ይቀቡታል። የባጀሩ ቀጭን ነው፣ ሰንበሩም አብሮት የተፈጠረ። ሰው ሠራሹን ለመለየት አንድ ጸጉር ነቅለው በክብሪት ይለኩሱት። የእንስሳ ከሆነ የተቃጠለ ቀንድ ይሸታል፣ አመድ ይሆናል። ሲንተቲክ ከሆነ ቀልጦ ጠብታ ይሠራል። ታዲያ ከገዙ በኋላ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ክብሪት እንዳያወጡ።

---

የጫጫው
ታኅሣሥ 10፣ ማታ 2:44

እስኪ አንድ ሐሳብ ላምጣ። ቻይና ድረስ ምን አስኬደን? መሰንቆ የሚገረፈው በፈረስ ጭራ ነው። የዝንብ መከላከያ ጭራ የፈረስ ነው። እኛ ጋ ፈረስ ሞልቷል። ከጭራው ቆርጬ፣ በክር አስሬ፣ በማስቲሽ ከእንጨት እጀታ ጋር ባጣብቅ ብሩሽ ሆነ ማለት አይደል? የአገር ምርት!

---

ጤና_መሐል_ሜዳ (መንዝ)
ታኅሣሥ 10፣ ማታ 3:30

የጫጫው ወንድሜ፣ ቁም! እጅህን ከፈረሱ አንሣ።

የፈረስ ጸጉር ብሩሽ በዓለም አለ፣ ጥሩም ይሠራል። ግን ታሪክ ልንገርህ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የባጀር ጸጉር ገበያ ተዘጋና ፋብሪካዎች ከእስያ የመጣ የፈረስ ጸጉር እየቀቡ ባጀር አስመስለው መሸጥ ጀመሩ። ጸጉሩ በሥርዓት አልተቀቀለም ነበር። በዚያ ብሩሽ የተላጩ የእንግሊዝና የአሜሪካ ወታደሮች ፊትና አንገታቸው ላይ ቁስል ወጣ። የሞቱም አሉ። ምን ቢሆን ጥሩ ነው? አባ ሰንጋ! እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1920 የጃፓን የጺም ብሩሽ ወደ አገሯ እንዳይገባ የከለከለችው በዚሁ ነው።

አባ ሰንጋን ለመንዝ ሰው ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ግን ብዙ ሰው ሥጋ በመብላት ብቻ የሚይዝ ይመስለዋል። ቆዳውም፣ ሱፉም፣ ጸጉሩም ያስተላልፋል። ተሕዋሲው ዘር ሠርቶ ይተኛል፤ አፈር ውስጥ በአሥርት ዓመታት የሚቆጠር ጊዜ ይቆያል። ተራ ሳሙናና ለብ ያለ ውሃ አይገድለውም። አንተ ደግሞ ያንን ጸጉር የምታሸው የት ላይ ነው? ምላጭ በጫረው ፊት ላይ! በር ከፍተህ «ግባ» እንደማለት ነው።

ዛሬ ከታወቀ ፋብሪካ የሚወጣው ጸጉር በሥርዓት ታክሞ ነው የሚወጣው፣ ለእሱ አትጨነቁ። ምንጩ የማይታወቅ በጣም አሮጌ ብሩሽ ከገበያ አንሥታችሁ ግን ፊታችሁን አትዳብሱበት።

እግረ መንገዴን ለጸጉር አስተካካዮች፦ አንድ ብሩሽ ለአሥር ሰው አይሆንም። ጭርት በዚህ ይዛመታል። ምላጩን ለየሰው ቀይራችሁ፣ ደም የነካውን ብሩሽ ለቀጣዩ ደንበኛ ከቀባችሁ ምኑን ቀየራችሁት?

---

ሮቢት_ጸጉር_ቤት
ታኅሣሥ 10፣ ማታ 3:48

እውነት ነው ዶክተር። ሱቄ ውስጥ ያሉት ስምንቱም ሲንተቲክ ናቸው፣ ከእያንዳንዱ ሰው በኋላ መድኃኒት ውስጥ ይገባሉ። ባጀር በዚያ መድኃኒት ሳምንት አይቆይም። ባጀሬ ቤት ነው ያለው፣ እሑድ እሑድ ለራሴ።

---

ጤና_መሐል_ሜዳ
ታኅሣሥ 10፣ ማታ 3:50

ዶክተር አይደለሁም፣ የጤና መኮንን ነኝ። ስለ ስምንቱ ግን ተባረክ።

---

የጫጫው
ታኅሣሥ 10፣ ማታ 4:10

ፈረሱን ለቅቄዋለሁ። እሱም ደስ ብሎታል። 😅 በእንዶድስ አረፋ መምታት ይቻላል?

---

ሳሙና_ሠሪዋ (ሸኖ)
ታኅሣሥ 11፣ ጠዋት 2:20

ዓይንህን ከጠላኸው ይቻላል! እንዶድ ለጋቢ ነው፣ ለፊት አይደለም። ያቃጥላል።

ስለ ሳሙና ከተነሣ ልግባበት፣ ሙያዬ ነው። ብዙ ሰው ብሩሹን ይወቅሳል፣ ጥፋቱ ግን የሳሙናው ነው። የገላ ሳሙና አረፋው ብዙ ነው፣ ግን ትልልቅ አረፋ ነው፣ ወዲያው ይፈርሳል። የጺም ሳሙና ጥቅጥቅ ያለና የማይወርድ አረፋ እንዲሰጥ ሆኖ ነው የሚሠራው። ከቆዩት ዓይነቶች ብዙዎቹ መሠረታቸው የበሬ ሞራ ነው። ሞራ ውስጥ ያለው ስቴሪክ አሲድ አረፋውን አጽንቶ ይይዘዋል። በኮስቲክ ሶዳ ብቻ ከሠራሽው ደረቅና ግትር ይሆናል። የጺም ሳሙና ላይ ፖታሽም ይገባል፣ ለስለስ ብሎ ብሩሽ ላይ ቶሎ እንዲነሣ።

ውሃውንም አትርሱ። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ካበጀ ውሃችሁ ኖራ አለበት። ኖራና ሳሙና ሲገናኙ አረፋ ሳይሆን ዝቃጭ ይሆናሉ። እኛ ሰፈር ክረምት ላይ የዝናብ ውሃ በጀሪካን እንይዛለን። በዝናብ ውሃ የተመታ አረፋና በጉድጓድ ውሃ የተመታ አረፋ አንድ ሳሙና ነው ብላችሁ አታምኑም።

---

ውርጭ_ለመደ
ታኅሣሥ 11፣ ቀን 6:30

እሺ፣ አረፋው ራሱስ እንዴት ነው የሚመታው? እኔ ፊቴ ላይ ነበር በቀጥታ የማሽከረክረው፣ እንደ ጫማ ጠራጊ። ጋሼስ?

---

ጡረተኛው_መምህር
ታኅሣሥ 11፣ ቀን 8:00

እንደ ጫማ ጠራጊ! ምስኪን ብሩሽ።

እኔ ትንሽ የሸክላ ሳህን አለችኝ። ውስጧ ሻካራ ነው፣ ያ ሻካራው አረፋውን ያስነሣል፤ ሸክላም ሙቀት ይይዛል። ብሩሹን ከውሃው አውጥቼ ጠብታው እስኪያቆም በቀስታ እጨምቀዋለሁ። ይህን የዘለለ ሰው አረፋው ውሃ ሆኖ ክንዱ ላይ ይወርዳል፤ ባጀር ከምትገምተው በላይ ነው የሚጠጣው። ከዚያ ሳሙናው ላይ 30 ሰከንድ ያህል አዞረዋለሁ። ክሬም ከሆነ የአንድ ባቄላ ፍሬ ያህል ይበቃል። ከዚያ ሳህኗ ውስጥ ጫፉን ብቻ እያስነካሁ እመታለሁ። ሲደርቅብኝ በጣቴ ሦስት አራት ጠብታ ውሃ እጨምራለሁ። መጀመሪያ ትልልቅ አረፋ ይታያል፤ ያ ገና ነው። ዓይኑ ጠፍቶ እንደ እርጎ ሲያበራ፣ ብሩሹን ስታነሣው ጫፉ ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ ያኔ ደረሰ።

ፊት ላይ ስትቀባ መጀመሪያ በክብ፣ በኋላ እንደ ቀለም ቀቢ ወዲያ ወዲህ። ጠጉሩ እስኪዘረጠጥ አትጫነው። መሃሉ የሚሰበረው በመጫን ነው።

---

ጉም_በር
ታኅሣሥ 11፣ ቀን 8:25

በሳህን ሲመታ እኮ ውሃ ይፈጃል፣ ሳህን ማጠብ አለ። እኛ ጋ ውሃ በፈረቃ ነው። እኔ ፊቴ ላይ ነው የምመታው፣ ጺሙንም እዚያው ያነሣልኛል። ሲንተቲክ ስለሆነ አይከፋውም።

---

ጤና_መሐል_ሜዳ
ታኅሣሥ 11፣ ማታ 1:10

በሳህን ይሁን በፊት፣ ጊዜ ስጡት። ጺም ውሃ ሲጠጣ ነው የሚለሰልሰው፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፈልጋል። እንደኛ ጸጉራቸው ጥቅልል የሆኑ ሰዎች ላይ ከሥር የተቆረጠው ጫፍ ተጠምዝዞ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል፣ አንገት ላይ የሚደረደረው ብጉር እሱ ነው። ስለዚህ ጺሙ ወደሚበቅልበት አቅጣጫ ላጩ፣ ቆዳውን ወጥራችሁ አትፋቁ፣ አንዴ የሄዳችሁበትን አትደጋግሙ። ብጉሩ የባሰበት ሰው ደግሞ ለጥቂት ሳምንት ምላጩን ይተወው። ምንም ሲልቨርቲፕ አያድነውም።

---

ጊቢ_ውስጥ
ታኅሣሥ 11፣ ማታ 1:45

ማንም ካላነሣው እኔ ላንሣው። ባጀሮቹ በምን ሁኔታ ነው የሚያዙት? እ.ኤ.አ. በ2018 የእንስሳት መብት ተከራካሪዎች ቻይና ውስጥ የቀረጹት ቪዲዮ ወጥቶ ነበር። ጠባብ የሽቦ ጎጆ ውስጥ ሲያብዱ ይታያሉ። ከዚያ በኋላ የባጀር ጸጉር ያቆሙ ኩባንያዎች አሉ። እኔ ካየሁት በኋላ አልገዛም አልኩ። መግዛት ባልችልም።

---

ጡረተኛው_መምህር
ታኅሣሥ 11፣ ማታ 2:30

ልክ ነህ ልጄ። የእኔን ስገዛ ይህን አላውቅም ነበር። ሌላ አልገዛም፤ ይህቺው ከእኔ ጋር ታልቃለች። ስለዚህ ወደ ውርጭ_ለመደ ልመለስና፣ «ከባጀር የሚሻል የለም» ያልኩትን በግማሽ አንሥቻለሁ። ለፊት ነው የሚሻል የለም ያልኩት። ለሌላው አላሰብኩም ነበር።

---

ውርጭ_ለመደ
መጋቢት 12፣ ምሽት 1:20

ጠፋሁ አይደል? ወሬ ይዤ መጥቻለሁ።

ጋሼና ጊቢ_ውስጥ ከጻፉት በኋላ ለወንድሜ ሌላ ባጀር እንዳይልክ ነገርኩት። ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ 24 ሚሊ ሜትር ሲንተቲክ አመጣልኝ። እንደ መጀመሪያው የድመት ሆድ አይደለም፣ ልዋሽ አልችልም። ከፊቴ ላይ ሲነሣ ትንሽ ይነጥራል፣ ሁለት ጊዜ አረፋ መስተዋቱ ላይ ረጭቷል። ሙቀትም እንደ ባጀሩ አይዝም። ለዚያ መላ አገኘሁ፦ ሳህኗን ለብ ያለ ውሃ ባለበት ጣሳ አፍ ላይ አስቀምጣታለሁ። ሳህኗ የሸክላ ናት፣ ለጋሼ ክብር። እስከ ሁለተኛው ዙር ይሞቃል። በጥር ውርጭ እንኳ ማታ ስገባ ደርቋል። እስካሁን የወለቀ ጸጉር፦ ዜሮ።

አሮጌውን ግን መጣል አልቻልኩም ነበር። ወንድሜ የላከው ነው። መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት፣ አንድ ቀን ጠፋ። ረሳሁት።

ባለፈው ሳምንት ጓዳ ስገባ እማዬ ወንፊቷን ታራግፋለች። በምን? በባጀሬ! ጫፉ ስለተንጨባረረ ቀዳዳው ውስጥ የገባውን ሽሮ ጥርግ አድርጎ ያወጣል። «ይሄን ብሩሽ ከየት አመጣኸው፣ እንደዚህ ያለ አይቼ አላውቅም» እያለች ታመሰግነኛለች። ሦስት ሳምንት ተጠቅማበታለች።

አፌ አላርፍ አለ። «እማ፣ የአውሬ ጸጉር እኮ ነው» አልኳት።

ወንፊቷን አስቀመጠች። ብሩሹን አየችው። እኔን አየችኝ።

«በሁዳዴ?!»

አሁን አዲስ ወንፊት ልገዛ እየወጣሁ ነው።